ወደ የረር የዞረው ዲሽ

አስከሬኑ ከዘጠኝ ፎቁ ሕንፃ ጀርባ፣ በብሎኬት ክምርና በአሮጌ ጣውላ መካከል በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ኢንስፔክተር ደሪቱ የተሸፈነበትን ጋቢ ገለጥ አድርጋ ከፊቱ በፊት እጁን አየች። የቀኝ መዳፉ ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ ትንሿ ጣቱ ድረስ ተሰንጥቋል። ቁስሉ ውስጥ ነጭ ቀለም ገብቷል።

«ግድግዳው ልጦት ይሆናል» አለ ሳጅን ዋቅጅራ።

«ግድግዳው ግራጫ ነው።»

ዋቅጅራ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። የግንቦት ወር ረቡዕ ነው፤ ዓመቱ 2009፣ ጊዜው ከረፋዱ አምስት ሰዓት። ቦሌ እንደ ልማዷ ትገነባለች። አጥር ተጋርቶ በቆመው ሕንፃ ላይ የአምስተኛው ፎቅ ወለል ሶሌታ ይሞላ ስለነበር የሲሚንቶ ማቡኪያው ሲያጓራ አርፍዷል፤ ሠራተኞቹም ባልዲ እየተቀባበሉ ሲያዜሙ ነበር። ሰው ከሰማይ ሲወድቅ የሰማ የለም።

ሟቹ ሂካ ይባላል። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ይሠራበት የነበረው ድርጅት በምሥራቅ አዲስ አበባ «ዘመናዊ ከተማ» ለሚባለው ፕሮጀክት የሽቦ አልባ ኔትወርክ ይዘረጋል። አርባ ምሰሶዎች ናቸው፤ የመንገድ መብራቱን፣ ካሜራውንና በወንዝ ዳር የተተከሉትን የጎርፍ ጠቋሚዎች ይሸከማሉ። ምሰሶዎቹ የሚያዩትን ከየረር ተራራ ወዲህ ላለች አንዲት ኮረብታ ይነግራሉ፤ ኮረብታዋ ደግሞ በዚህ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ላለው ዲሽ ትናገራለች። ርክክቡ ለዓርብ ተቀጥሯል።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ከሂካ ስልክ አንድ መልእክት ወጥቷል። የተላከው ለሥራ ባልደረባው ለሊድያ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ሽማግሌ ልልክ ነው ቢላት «አትላክ» ብላው ነበር። መልእክቱ፣ «ይቅር በይኝ፤ ደክሞኛል» ይላል። ስልኩ ጣሪያው ጠርዝ ላይ በሥርዓት ተቀምጦ ተገኘ።

«ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል» አለ ዋቅጅራ ዝግ ብሎ።

ፖሊስ የዘረጋው ገመድ ዘንድ አንዲት አሮጊት ቆመዋል። አያለቅሱም። የሂካ እናት እማማ ገላኔ ናቸው። አሁን ኮንዶሚኒየም በበቀለበት መሬት ላይ ከባላቸው ጋር ስንዴ ሲያመርቱ የኖሩ፣ መሬቱም ባሉም ከሄዱ በኋላ ሾላ ገበያ ሽንኩርት ቸርችረው ልጃቸውን ያስተማሩ ሴት።

«ኢንታላ ኮ» አሏት ደሪቱን በኦሮምኛ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ አማርኛ ተመለሱ። «ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው። መምሬ ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም አሉኝ። ልጄን ያለ ጸሎት፣ እንደ ውሻ ልቅበረው ነው?»

«እማማ…»

«እሱ አያደርገውም አልልሽም። የሰው ሆድ ማን ያውቃል? ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እውነቱን ፈልጊልኝ።»

ዋቅጅራ በክርኑ ነካ አደረጋት። «አይዞዎት፣ አላደረገውም በያቸው በቃ። ምን ይጎዳሻል?»

«ለሐዘንተኛ አልዋሽም» አለች ደሪቱ።

ከሰባት ዓመት በፊት እሷም በለቅሶ ድንኳን መካከል ተቀምጣ፣ የሞተባት ሰው ተሰቃይቶ እንደነበር ጠይቃ ነበር። የመለሰላትን ሰው እስከ ዛሬ አላመነችውም።

*

የጣሪያው ጠርዝ ከጉልበት አይደርስም። የመከላከያ ብረቱ ገና አልተገጠመም። ዲሹ ጠርዙ ላይ ከተተከለ ቧንቧ ጋር ታስሯል፤ ነጭ ነው። ደሪቱ ተንበርክካ የታችኛውን ከንፈሩን አየች። ቀለሙ አንድ እጅ ያህል ተፍቋል፤ ተፍቆ በቀረው ላይ ቡናማ እድፍ ደርቋል። ዲሹ ግን ቀጥ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ቆሟል።

ጋሽ ገረመው ሊፍቱ አጠገብ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል። ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው። በቴሌ ዕድሜያቸውን ጨርሰው ጡረታ ከወጡ በኋላ ድርጅቱ አማካሪ አድርጎ ወሰዳቸው። ሂካን ከኮሌጅ ተቀብለው ሥራ ያስያዙት፣ አባቱ ሲሞትም የትምህርት ክፍያውን የሸፈኑት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ሲሰሙ የት ነበሩ?»

«ከሾላ እየመጣሁ ነበር። ታክሲ አጥቼ አረፈድኩ። ስደርስ ሰው ተሰብስቧል።» ጉልበታቸውን አሹ። «ይኼ እግር ምሰሶ መውጣት ከተወ አራት ዓመቱ። ቢወጣልኝ ኖሮ ልጁን ብቻውን ጣሪያ ላይ አልለቀውም ነበር።»

«ዲሹን ማን ነው የሚያስተካክለው?»

በሐዘናቸው መሃል ፈገግ አሉ። «ዛሬማ ኮምፒዩተር ነው። በእኛ ጊዜ አውራ ጣትሽን ዘርግተሽ የረር ጫፍ ላይ ታሳርፊያለሽ፣ ከዚያ አራት ጣት ወደ ግራ ትቆጥሪያለሽ። ኮረብታዋ እዚያ ናት። ሂካ ይስቅብኝ ነበር፤ ጋሼ በጣት ሬዲዮ ይሠራል እያለ።»

ሥራ አስኪያጁ ወንድወሰን ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ መጣ። «ኢንስፔክተር፣ ሐዘኑ የሁላችንም ነው። ግን ዓርብ ርክክብ አለ፤ ከማዘጋጃ ቤት እስከ ሚኒስቴር እንግዳ ተጠርቷል። መልእክቱ ግልጽ ነው አይደል?»

«ከመልእክቱ ሌላ ግልጽ የሆነ ነገር አለ?»

«ልጁ ሰሞኑን ተጨናንቆ ነበር። ምሰሶዎቹ ኮረብታዋን አያዩም፣ መልእክታቸው አይደርስም ይለኝ ነበር። የምሰሶዎቹ ቦታ ቅኝት ጸድቋል፣ ማኅተም አለው፣ ገንቢው ተክሏል። ምን ላድርገው?» ደሪቱ የቅኝቱን ወረቀቶች ጠየቀችው። ሰጣት። የእጅ ጽሑፉ ንጹሕ ነው፤ ከሥሩ የድርጅቱ ማኅተም እንጂ የሰው ስም የለም።

ምሰሶዎቹን የተከለውና ዲሹን ያሰረው ረታ ገና ከመቀመጡ ተቆጣ። «አዎ ተጣልተናል! ጠዋት ሁለት ከአሥር ላይ ጣሪያው ላይ ስወጣ፣ 'ምሰሶህ ዕውር ነው' ይለኛል። እኔ ምን አገባኝ? ወረቀቱ ትከል ያለኝ ቦታ እተክላለሁ። ሁለት ከሃያ አምስት ላይ ፈርሜ ወጣሁ፤ መዝገቡን እዪው። ስወጣ ብሎን እያጠበቀ ነበር።»

«እያጠበቀ?»

«ዲሹን። ትናንት ነፋስ አነቃንቆት ነበር። ስልኩን በርቶ እንዲቆይ አድርጎ ጠርዙ ላይ አስቀምጦ፣ ሲግናሉን እያየ ያጠብቃል። እሱ ብሎን ሳያጠብቅ የሚውል ሰው አልነበረም፤ ለምን እንደዚህ…» ድምፁ ተቆረጠ። «ሊሞት የተዘጋጀ ሰው ብሎን ያጠብቃል እንዴ?»

ደሪቱ ወደ በሩ ወረደች።

በሩ ላይ ጥበቃው መኩሪያ መዝገቡን ዘረጋላት። ሂካ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ገባ። ረታ ገባ፣ ወጣ። ወንድወሰን ሦስት ከአምስት ላይ ገባ። አስከሬኑን ሠራተኞች ያገኙት ሦስት ከአሥር ላይ ነው።

«ሌላ የገባ ሰው የለም?»

«በቅዱስ ሚካኤል! እኔ እዚህ እያለሁ ዝንብም ሳይፈርም አይገባም።»

«ጥሩ» አለች ደሪቱ፤ መዝገቡን ግን ቶሎ አልመለሰችም። የዛሬውን ትታ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት አንድ በአንድ አገላበጠች። የአንድ ሰው ስም በአንዱም ገጽ ላይ አልነበረም።

*

ሊድያን ሃያ ሁለት በሚባለው ሰፈር ባለው ቢሮ አገኘቻት። ኔትወርኩን በኮምፒዩተር የነደፈችው እሷ ናት። ፊቷ አብጧል፤ ጠረጴዛዋ ላይ ያልተነካ ማኪያቶ ቀዝቅዟል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች። «አትላክ አልኩት። ለዚህ ብሎ ነው።»

«ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ምን ትሠሪ ነበር?»

«እዚሁ ሆኜ ሲስተሙን እከታተል ነበር። ሂካ ዲሹን ሲያስተካክል መስመሩ ስክሪኔ ላይ ይታየኛል። ጥሩ አድርጎ አስተካከለው። ከዚያ ሲግናሉ ጠፋ። ከዚያ ተመለሰ። 'እየነካካው ነው' ብዬ ማኪያቶ አዘዝኩ።»

ደሪቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «መቼ ጠፋ? መቼ ተመለሰ?»

ሊድያ የሲግናሉን መዝገብ ከፈተች። ሲስተሙ በየአምስት ሰከንዱ ይጽፋል። ደሪቱ መስመሩን በጣቷ ተከተለችው፤ አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ።

«ይኼን ለማንም አላሳየሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

«አትሚልኝ። ረታና ሌሎቹ ከዚህ በፊት ያስተካከሉበትንም ጨምሪበት።» ተነሣች። «ሂካ ስለ ምሰሶዎቹ ምን አለሽ?»

«አሥራ ዘጠኙ ኮረብታዋን አያዩም አለኝ። አርባውንም በእግሩ ዞሮ በደብተሩ ጽፏቸዋል። ማን እንደቀየሰው ጠየቅኩት። 'ሰው አላዋርድም፤ ከርክክቡ በፊት ባለቤቱ ራሱ ይናገር፣ ዕድል ልስጠው' አለ። እንደዚያ ነበር እሱ።»

የሂካ ደብተር ግን ኪሱ ውስጥም ጣሪያውም ላይ አልተገኘም።

ከሰዓት በኋላ ደሪቱና ዋቅጅራ ወንዝ ዳር ወዳለው ሃያ ሰባተኛው ምሰሶ ሄዱ። የጎርፍ ጠቋሚው ጫፉ ላይ ሰማያዊ መብራቱን ብልጭ ያደርጋል። ከሥሩ በላስቲክና በቆርቆሮ የተሠሩ ቤቶች እስከ ውሃው አፋፍ ድረስ ተደርድረዋል፤ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። በስተምሥራቅ በኩል አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም እንደ ግንብ ተገትሯል።

ደሪቱ ወረቀቱን አነበበች። «ምሰሶ ሃያ ሰባት። ወደ ኮረብታው፣ ሜዳ። ከልካይ የለም።»

«ሜዳው የታለ?» አለ ዋቅጅራ። «ሰውዬው ሰክሮ ነበር እንዴ?»

«አልሰከረም። ሜዳ ነበር። ያ ጥግ የአባቴ የጤፍ ማሳ ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት ከዚህ ቆመህ የረርን እስከ ግርጌው ታይ ነበር።» ወረቀቱን አጠፈች። «የቀየሰው ሰው እዚህ አልመጣም። ግን ቦታውን ያውቀዋል። ከትዝታው ነው የጻፈው።»

አንዲት አጣቢ ቀና ብላ፣ «ይኼ መብራት ጎርፍ ሲመጣ ይጮኻል ብለውናል፤ እውነት ነው?» አለቻት።

ደሪቱ ዞራ ኮንዶሚኒየሙን አየች።

*

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉንም ጣሪያው ላይ ሰበሰበቻቸው። ወንድወሰን ሰዓቱን ያያል። ረታ ተንጠልጥሎ በቀረ ገመድ ይጫወታል። ሊድያ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። መኩሪያ ቆቡን አውልቆ ቆሟል። ጋሽ ገረመው የሐዘን ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው የፕላስቲኩ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከዚህ ወደ ለቅሶው ድንኳን ይመለሳሉ፤ እማማ ገላኔን ደግፈው ወደ መቃብር የሚወስዱት እሳቸው ናቸው።

ደሪቱ ወደ ዲሹ ሄዳ ብሎኑን አላላችና በእጇ ወደ ታች ገፋችው። ዲሹ አንገቱን ደፋ። እንደዚያው ትታው ተመለሰች።

«ሂካ ትናንት ጠዋት እዚህ ቆሞ ይህን ዲሽ ያጠብቅ ነበር» አለች። «ሁለት ከአርባ ላይ ሲግናሉ በወሩ ውስጥ ከነበረው ሁሉ የተሻለ ነበር። ከአንድ ደቂቃ በኋላ፣ ሁለት ከአርባ አንድ ላይ ሲግናሉ ወደቀ። ለምን ወደቀ? የሂካ መዳፍ ተሰንጥቆ ነጭ ቀለም ገብቶበታል። የዲሹ ከንፈር ተፍቋል፤ ደም አለበት። ሂካ ሲወድቅ ዲሹን ይዞ ነበር።»

«ልክ ሲዘል ነክቶት ይሆናላ» አለ ወንድወሰን።

«ሊሞት የዘለለ ሰው አይጨብጥም። አጥብቆ ጨብጧል። ሲይዘው ዲሹ እንዲህ አንገቱን ደፋ፣ ሲግናሉም ጠፋ። አሁን ይህን ስሙኝ። ሁለት ከአርባ ዘጠኝ ላይ ሲግናሉ ተመለሰ። ሁለት ከሃምሳ ላይ መልእክቱ ለሊድያ ተላከ። ሂካ ግን ከስምንት ደቂቃ በፊት ታች ነበር። ሙት ዲሽ አያስተካክልም፣ መልእክትም አይልክም።»

ሊድያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያያት ሁሉ ከፊቷ ላይ አንድ ነገር እንደ ተነሣላት፣ ሌላ የከበደ ነገር ደግሞ እንደ ተተካበት አየ።

«ከሱ ጋር ሌላ ሰው ነበር» ቀጠለች ደሪቱ። «ዲሹ ተጣሞ ቢገኝ ትግል እንደነበር ይታወቃል፤ ስለዚህ መለሰው። በርቶ የቆየው ስልክ እዚህ ተቀምጦ ነበር፤ መልእክቱን ጻፈ። ደብተሩን ወሰደ።»

«መዝገቡ ላይ እኔ አለሁበት» አለ ረታ ፊቱ ገርጥቶ። «ልትይ የፈለግሽው…»

«አንተ ዲሽ ስታስተካክል መስመሩ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ሩብ ሰዓት።»

«እኔ ጡንቻ ነኝ፣ አልደበቅኩም» አለ ረታ ሳያስበው ስቆ፤ ወዲያው በመሳቁ አፈረ።

«ሊድያ ሃያ ሁለት፣ ቢሮዋ ውስጥ ነበረች። አቶ ወንድወሰን በሕይወታቸው ብሎን ነክተው አያውቁም።» ወደ ጥበቃው ዞረች። «መኩሪያ፣ ጋሽ ገረመው በሁለት ሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ እዚህ መጡ?»

«ጋሼ? እንዴ፣ በየቀኑ ነው።»

«መዝገብህ ላይ አንድም ጊዜ የሉም።»

መኩሪያ ቆቡን ጨመደደ። «እንዴት ብዬ… አባቴ የሚሆን ሰው አስፈርማለሁ? ብድግ ብዬ አሳልፋለሁ እንጂ። ሰው ገባ ወይ አልሽኝ፤ ጋሼ እኮ… ጋሼ ሰው… ማለቴ፣ ጋሼማ የቤቱ ናቸው።»

«ትናንት ጠዋትስ?»

«ከረታ ኋላ… ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ።» ድምፁ ጠፋ። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ሁሉም ወደ ወንበሩ ዞሩ። ጋሽ ገረመው ግን ማንንም አያዩም። ዓይናቸው ዲሹ ላይ ነው። ደሪቱ መናገር ከጀመረች ጀምሮ ከዚያ አልተነቀለም። አንገቱን የደፋውን ዲሽ እንደ ታመመ ልጅ ያዩታል። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ጠርዙ ዘንድ ሄዱ። አውራ ጣታቸውን ወደ የረር ዘረጉ፣ አራት ጣት ቆጠሩ፣ ዲሹን በሁለት እጃቸው ይዘው አንድ ጊዜ ብቻ መለሱት።

«መስመሩን አሳዪን» አለች ደሪቱ።

ሊድያ ላፕቶፑን አዞረች። መስመሩ ከሥር ተነሥቶ፣ ያለ አንድ ማመንታት፣ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቆመ። ደሪቱ የትናንቱን ወረቀት አጠገቡ ያዘችው። ልዩነት አልነበራቸውም።

«ተጣሞ ሊውል አይችልም» አሉ ጋሽ ገረመው፤ እጃቸው ገና ዲሹ ላይ ነው።

«ትናንትም እንደዚያ ነው ያሉት?»

ከታች የማቡኪያው ድምፅ ይመጣል።

«ቅኝቱን የሠሩት እርስዎ ነዎት» አለች ደሪቱ። «ምሰሶ መውጣት አልቻሉም። ይህንንም ለመናገር አልቻሉም። ቤትዎ ተቀምጠው፣ የሚያውቁትን ሜዳ ጻፉ። ሊድያም ረታም ያንን ሜዳ ለማወቅ አልደረሱም። የድርጅቱ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ማን ይመርምር? ሁሉም አመነ። የመረመረው ሂካ ብቻ ነው።»

«ከዓርብ በፊት በሰው ፊት ተናገር አለኝ» አሉ ሽማግሌው። «'ጋሼ፣ ወንዝ ዳር ሰው አለ፣ ክረምት እየገባ ነው፣ እርስዎ ራስዎ ይናገሩት' አለኝ። አርባ ዓመት የሠራሁት ስም… ደብተሩን ልነጥቀው ስል ገፋሁት። መግፋቴን እንኳ አላወቅኩም። ጠርዙ ዝቅ ያለ ነው፤ አልያዘውም።»

«ይኼን አምናለሁ» አለች ደሪቱ። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «የማላልፈው ሌላ ነው። ሲግናሉ ወዲያው አልጠፋም ጋሼ። መጀመሪያ በግማሽ ወረደ። ከዚያ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ወረደ። ከዚያ ነው የጠፋው። አርባ ሰከንድ ነው። ሂካ ለአርባ ሰከንድ በዚህ ዲሽ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እርስዎ የት ነበሩ?»

ረታ የያዘውን ገመድ ለቀቀ።

«እዚህ» አሉ ጋሽ ገረመው፣ እግራቸው ሥር ያለውን ቦታ እያዩ። «እጄን ልዘረጋ ነበር። 'ጋሼ' አለኝ። ባወጣው ይናገራል ብዬ አሰብኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሰብኩት። ሐሳቡ ሳያልቅ እሱ አለቀ።»

ዋቅጅራ ካቴናውን አወጣ። ሲያስርላቸው ክንዳቸውን ደግፎ ነበር።

ወንድወሰን ከሊፍቱ አጠገብ ደሪቱን አገኛት። «ርክክቡ ግን መዘግየት አይችልም። የሚያዩት ሃያ አንዱ ለእንግዶች በቂ ናቸው። የቀረውን… በሁለተኛው ዙር እናየዋለን።»

«ወንዝ ዳር ያሉትስ?»

«በሁለተኛው ዙር» አላት።

ስለ ዕውሮቹ ምሰሶዎች የጻፈችውን ሪፖርት ፈርማ ለአለቆቿ ላከች። አለቆቿ እንደሚያስቀምጡት ታውቃለች። ከተማው በየሳምንቱ አንድ ፎቅ ያወጣል፤ ለማየት የሚቆም የለም።

*

መምሬ ስምንት ሰዓት ላይ ሂካ ራሱን እንዳላጠፋ የሚገልጸውን ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አንብበው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍትሐቱ ተጀመረ። ደመናው ከየረር በኩል እየጠቆረ ይመጣል። ጸሎቱ ሲያልቅ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች በሳጥኑ ላይ ወደቁ።

እማማ ገላኔ ከመቃብሩ አፋፍ ሆነው ዙሪያቸውን ሲፈልጉ ቆዩ። «ገረመው የት ሄደ? እሱ ነበር የሚይዘኝ።»

ደሪቱ ክንዳቸውን ያዘች። ነገረቻቸው። ጥቂት ቃላት ብቻ ነበሩ።

ሰዉ አፈር መመለስ ጀመረ።

«ፍትሐቱን ሰጠሽኝ» አሉ አሮጊቷ። «ሰውየውን ወሰድሽብኝ። ትናንት ማታ ከእጄ ውሃ ጠጥቶ፣ 'ልጃችን' እያለ ሲያለቅስ ነበር። አሁን ማን ቀረኝ?»

ደሪቱ ክንዳቸውን አጥብቃ ያዘች።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ወዲያው ነው? ልጄ አልተሰቃየም? ማንንም አልጠራም?»

ዝናቡ በረታ። ከመቃብሩ አጥር ባሻገር፣ ከወንዙ አፋፍ፣ የሃያ ሰባተኛው ምሰሶ ሰማያዊ መብራት ለማይሰማው ኮረብታ ብልጭ ይላል። ደሪቱ አርባ ሰከንዶቹን በሆዷ ቆጠረቻቸው፤ ቆጥራ ስትጨርስ አፏን ከፈተች።

«ወዲያው ነው፣ እማማ። ምንም አላወቀም።»

እማማ ገላኔ ቀና ብለው ዓይኖቿን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩአቸው።

«ተባረኪ» አሏት፣ ክንዷንም ለቀቁ። ደሪቱም እንዳላመኗት አወቀች።